የውሃ በረኛ

«አባትህ ምን ይሠራል?» ሲለኝ መምህሩ፣
«በረኛ ነው» ስለው፣ ልጆች ሳቅ ጀመሩ።
«ለየትኛው ክለብ? ቁጥሩ ስንት ነው?
ስንት ኳስ አዳነ? ስንቱስ አመለጠው?»
እኔም በደንብ አልገባኝም የአባቴ ሙያ፤
ግራሶ የጠጣ ቱታ ነበር የሱ ማልያ።

ጫራጫራ ላይ ነው፣ ጣና ከሚያበቃበት፣
ዓባይ ገና በልጅነቱ ስሙን ከሚያገኝበት፤
ሰባት የብረት በር፣ አንድ ዝገታም መዘውር፣
ግድግዳ ላይ ስልክ፣ ጠረጴዛ ላይ ደብተር።

ሌሊት ስልኩ ይጮሃል፤ «ሁለቱን ክፈት» ይሉታል።
አባቴ ካፖርቱን ደርቦ፣
የሰው ቤት እንደሚያንኳኳ በሩን መታ መታ አድርጎ፣
«ይቅርታ» ይለዋል ሐይቁን፤
ያዞራል መዘውሩን።
ውሃው መጀመሪያ ያመነታል፣ ያጉረመርማል፣
ከዚያ ይሄዳል።
ጠዋት በደብተሩ፣ በተጣራ ጽሕፈት፦
«ጣና፣ ግማሽ ሴንቲ ወርዷል ከትናንት።»
ግማሽ ሴንቲ ምን ናት? የጥፍር ቁራጭ ናት፤
ሐይቅ ቆርጦ ሲሰጣት፣ ላንድ አገር መብራት።

አንድ ዓመት ዝናብ ቀረ።
ስልኩ ግን አልቀረም።

ጥፍር በጥፍር ሲቆረጥ፣ ሐይቁ ወደ ኋላ ሄደ፤
ደንገሉ ከነሥሩ ቆሞ፣ በፀሐይ ነደደ።
የዘጌ ጀልባ ሆዱ ድንጋይ ነክቶ ቆመ፤
ጉማሬም ውሃ አጥታ፣ ግልገሏን አስከትላ፣
ከሆስፒታሉ አጥር ሥር አደረች ሣር ስትበላ።
ቆሮሶ የሚራባበት ያ ለስላሳ ዳርቻ
ተሰነጣጥቆ ቀረ፤ የቀንድ አውጣ ዛጎል ብቻ።

እንድሪስ ታንኳ ሠሪው አንድ ማታ መጣ፣
ደንገል በሚያዝልበት ትከሻው አዝሎ ቁጣ።
«በረኛ! በሩ የማይዘጋ፣ ምኑን ቤት ይባላል?
አያቴ የቀዘፈበት ላይ ፍየል ሲግጥ ይውላል!»
አባቴ አልመለሰም፤ ደብተሩን ገለጠ፤
በቀይ ቢክ የሣለውን፣ ወደ ታች የሚያዘቀዝቀውን መስመር አሳየው።
እንድሪስ ፊደል አልቆጠረም። መስመሩን ግን አወቀው።
«ሆስፒታል አይቼዋለሁ፣ ዘሐራ በታመመች ሰሞን፤
ትኩሳቷ ነው ብለውኝ።
ያኔ ሲወርድ ነበር ደስ ያለን» አለ።
ሁለቱም ዝም አሉ።

ሐይቁ የተወውን መሬት እኛ ሜዳ አደረግነው፤
ሁለት ድንጋይ ጎል ነው።
በረኛ ማን ይሁን ሲባል፣ ሁሉም ወደኔ ዞሩ፤
«የዘር ነው» አሉኝ፣ «ቁም በበሩ!»
አምባዛ ይተኛበት በነበረው አሸዋ ላይ ቆሜ
አሥራ አንድ ጎል ገባብኝ።
አባቴ ከመንገድ ዳር፣ ብስክሌቱን ተደግፎ አየኝ፤
አላጨበጨበም፣ አልሳቀም።
ማታ እራት ላይ ብቻ፣ ከየት እንዳመጣው አላውቅም፣
«ወደ ፊት ውጣ» አለኝ።
«በር ላይ ተተክሎ የሚጠብቅ፣ ይቀደማል።»

ሐምሌ ገባ። ግልገል ዓባይ ደፈረሰ፣ ርብ ሞላ፣ ጉማራ ሞላ፤
አባቴ ሰባቱንም ዘጋ።
ያን ሌሊት ስልኩ እየጮኸ አደረ፤
አባቴም እየሰማው አደረ።
የአሥር ቀን ደመወዙን ቀጡት።
መጀመሪያ የግራው ድንጋይ ሰጠመ፣ በሳምንቱ የቀኙ።

ዛሬ እሑድ ነው፤ ሙሽሮች በጀልባ፣
ፎቶ አንሺው ጎንበስ ቀና፣ ሚዜው በእጁ አበባ፤
ፔሊካኖቹ ለዳቦ ፍርፋሪ ይሻማሉ፤
«እግዜር ሲሠራ እንዲህ ነው!» ይላሉ።
ልክ ናቸው። መዘውሩን ማን ያሳያቸው?
በምሥራቅ በኩል እምቦጭ እየመጣ ነው፤ እሱንም ማን ይንገራቸው።

አባቴ ጡረታ ወጥቷል። ሲያንቀላፋ
ቀኝ እጁ ትዞራለች፣ የሌለ ብረት ይዛ።
«ስንት ደረሰ?» ይለኛል በየማታው፤
የማላውቀውን ቁጥር እነግረዋለሁ፤ አምኖኝ ይተኛል መሰለኝ።

ግንቦት ላይ ውሃው ሲሸሽ፣ ድንጋዮቹ ብቅ አሉ።
በቀኙ ላይ አንድ ጥቁር ወፍ
ከጠለቀበት ወጥቶ፣ ሁለት ክንፉን ዘርግቶ፣
ኳስ እንደሚጠብቅ ቆሟል፤ ላባው እስኪደርቅ።
አባቴ ከአግዳሚው ላይ አየው፣ አየውና፣
«ወደ ፊት ውጣ» አለው።