ማጭዷ

ጋሽ ዳንጊሶ መጣ፣ ስልኩን በፌስታል ጠቅልሎ፣
«ያን የቼዝ ጨዋታ ጫንልኝ እስቲ» ብሎ።
ሠላሳ አራት ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክር ሲቀጥል ኖሮ፣
ጡረታ የወጣ፣ ጆሮው በማሽን ጩኸት ደንቁሮ፤
በቆርኪ ወታደር፣ በካርቶን ገበታ፣
ሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር ተቀምጦ ስንቱን የረታ።

ጫንኩለት።
ስሙን ጻፍንበት።
ስልኩም ሳይጠይቀው የት እንደ ከረመ፣
አንድ ሺህ አምስት መቶ ብሎ ቁጥር ሰጠው፤
ከቁጥሩ ጎን ግን የጥያቄ ምልክት አቆመ።

«ይቺስ ምንድን ናት?» አለ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
«ማጭድ የመሰለች፣ ነጥብ ከሥሯ ተንጠልጥሎ?»
«ገና አላወቀህም ማለት ነው፣ ጋሼ።
ቁጥሩን ያበደረህ ነው እንጂ አልሰጠህም።»
«እኔን?» አለኝ፤ ወደ ሐይቁ አየ አሻግሮ፣
ምስክር እንደሚጠራ ሰው፣ አንገቱን አዙሮ።

የመጀመሪያ ቀን በሰዓት ተረታ፤
አውራ ጣቱ ወፍራም፣ ፈረሱን ሲል ንግሥቲቱን መታ።
መቶ ስልሳ ነጥብ ባንድ ሽንፈት ወረደ፤
በነጋታው ደግሞ፣ ባንዲራውን የማናውቀውን ልጅ
እስከ ጥግ አሳደደ፤
መቶ አርባ ወጣ።
ባጃጅ ሆነ ቁጥሩ፣ በታቦር ዳገት ላይ፤
ሽቅብ እያቃሰተ፣ ቁልቁል እየበረረ፣
እኛም አብረን ስንሠቃይ።

«ምን አደረግሁት?» ይለኛል፣ ሱቄን ስዘጋ መጥቶ።
«እየፈለገህ ነው፣ ጋሼ።
መብራት የጠፋበት ሰው ግድግዳ እንደሚዳስስ፣
ሰፋ ሰፋ አድርጎ ይረግጣል፣ ያለህበት እስኪደርስ።»

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ማጭዷ ጠፋች።
ማንም አልነገረው። ጠዋት ሲነሣ አልነበረችም።
አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሰባ ሁለት።
በቃ።

ከዚያ ወዲህ ቢረታ ስድስት፣ ቢረታም ሰባት፣
እንደ ጡረታው ደመወዝ፣ ዝንፍ የማይልባት።
አንድ ቅዳሜ ንግሥቲቱን ሰውቶ፣
በሁለት ወታደር ንጉሡን ጥግ ላይ አንቆ፣
በዕድሜው ያልተጫወተውን ተጫውቶ መጣ፣
ስልኩን ከኮቱ ሥር ደብቆ።
አሳየኝ።
ስድስት ነጥብ።

«አየህ» አለኝ፣ «አወቀኝና አረፈው።
ከእንግዲህ ተአምር ብሠራ፣ እንደ ዝንብ ነው የሚያልፈው።
ያቺን ማጭድ መልስልኝ።»
«አትመለስም፣ ጋሼ፤ ካልሆነ በሌላ ስም…»
«ከዳንጊሶ ሌላ?» ሣቀ። «እሱስ አይሆንም።»

ሱቄ ደጃፍ ቆመን ነበር፣ ዝናቡ እስኪያባራ።
ከማዶ፣ ከዲላ የመጣች አንዲት ልጅ ጁስ ቤት ከፍታለች ሰሞኑን፤
አቮካዶዋ አንድ ቀን ቢቀጥን፣ ሰፈሩ «ሌባ» ይላታል፣
በነጋታው ቢወፍር፣ ልጁን ሊድርላት ይመኛል።
ጋሽ ዳንጊሶ ብዙ አያት፣
ብርጭቆ እያጠበች፣ የሚያልፈውን ሁሉ ቀና እያለች ስታይ።
ፌስታሉን በስልኩ ላይ ጠቀለለና፣
«ታድላ» አለ።