ከሬ ወደ ሳ

ዲሞና ገና ሳይነጋ፣ ነፋሱ አሸዋ ሳይዘራ፣
የአራት ፎቅ ደረጃ ሳጥብ፣ ከላይ ወደ ታች በተራ፣
ሦስተኛው ላይ መጥረጊያዬ ባለበት ቀረ።
ከሚልካ ፔንካር በር ስር አንድ ድምፅ ደፍ ተሻገረ፤
አንድ ብቻ። አይወጣ፣ አይወርድ፣ ቃልም የለው፤
ሞልቶ ሳይፈስ ከንፈሩ ላይ እንደቆመ ጋን ነው።

በሩን ከፈተች። አጭር ናት፤ ትከሻዋ ላይ ሹራብ ጣል፤
«ታዳምጫለሽ ወይስ ታጥቢያለሽ? ሁለቱ ባንዴ ይከብዳል።»
የሷ አፍ ማራቲ፣ የኔ አማርኛ፤
መሐል ላይ ሰባራ ዕብራይስጥ፣ የሁለታችን አስታራቂ ዳኛ።
«ጸሎት ነው» አለችኝ፣ «ቦምቤይ ምኩራብ ውስጥ ያደግኩበት።
ቃሉ ኋላ ይመጣል፤ ይኼ ደጁን ማንኳኳት።»

ጠረጴዛው ላይ ሐርሞኒየም፤ ጀርባው እንደ ወናፍ ይነፋል።
(አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ ወናፍ ሳይ እጄ ይነሣል።)
ግድግዳ ተደግፎ ታንፑራ፣ ሆዱ እንደ ቅል የተነፋ፤
አራት ክር፤ ጣቷ ሲነካው ግን ክፍሉ በድምፅ የሚሰፋ።

ስድስት ወር፣ በየማለዳው፣ ያስተማረችኝ ሳን ነው። ሳን ብቻ።
ሳን ይዞ መቀመጥ። ትንፋሽ እስኪያልቅ ሳን መጠበቅ፣ ያለ አቻ።
«ዜማው መቼ ይጀመራል?» ብላት፣ ሳቋን መለሰች፤
«አሁን ያለሽበት ምን ይመስልሻል?» አለች።

ከዚያ ሌሎቹን ሰጠችኝ። እኔም ፊደል እንደያዘ ልጅ
አንዱን ካንዱ እገጥም ጀመር፣ በአፌ ሳይሆን በልቤ ደጅ፦
ጋ ማ ስትል የአጎቴ በቅሎ ጋማ፤ ማ ሳ ስትል የጤፍ ማሳ፤
ሳ ማ፣ ባታችንን የለበለበው ሳማ። እሷ የት ታውቃለች፣
ከሰባት የሕንድ ድምፅ ውስጥ አንድ ወገራ ሲነሣ?

«ይኼ የንጋት ነው» አለች አንድ ቀን። «ባይራቭ ነው ስሙ።
ሬው ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ይንቀጠቀጣል፤ አትቆጪው፣
ታመመ ብለሽ ያዢው። ከዚያ ቀስ ብለሽ ውረጂ።»

አፌን ከፈትኩ።
ሬ።
ሳ።

ሁለቱ ፊደል ጉሮሮዬ ውስጥ ተገናኙ።

ከገዳሪፍ ወዲህ፣ በሌሊት። እህቴ እናኑ፣ አምስት ዓመቷ።
በእናቴ መቀነት ጠቀለልናት።
መሪው «ድምፅ እንዳይሰማ» አለ፤ ሽፍታም ወታደርም ቅርብ ነው አለ።
አባቴ ጸሎቱን በከንፈሩ ብቻ አደረሰ።
እናቴ የቀሚሷን ጫፍ ነከሰች፤ እኔ የእጄን አንጓ።
ጉድጓዱ ጥልቅ አልነበረም።
ከዚያ ተነሥተን ሄድን፤ አርባ ዓመት ሄድን፤
ያ ያላለቀስነው ልቅሶ ግን
ከማን ጋር እንደቀረ የጠየቀ የለም።

ሚልካ «ምን ሆንሽ?» አላለችም። ወናፉን ገፋች፣ ሳበች።
«መውረድ አትፍሪ» አለች ቆይታ። «ሳ ቤት ነው።
ከፍ ብሎ የሄደ ሁሉ እዚያ ነው የሚያድረው።»

ደገምኩ። ሳ ብዬ ልጀምር፣ ሳግ ሆኖ ወጣ።
ሳግም ድምፅ ነው መሰለኝ፤ አላስቆመችኝም።
ከላይ ጀመርኩ፤ ኒ፣ ዳ፣ ፓ፣ እጅ እንደያዘ ሕፃን በየደረጃው፤
ማ፣ ጋ፤
ሬ ላይ ስደርስ ተንቀጠቀጠ፣ ያዝኩት፣ ታመመ ብዬ ያዝኩት፤
ሳ ላይ አስተኛሁት።

ጮክ ብዬ ነበር ለካ። አራተኛ ፎቅ ያለው ሩሲያዊ
መስኮቱን ሲከፍት ሰማሁ። ከታች አንድ ሕፃን ነቃ።
ማንም ዝም በይ አላለኝም።

ሚልካ ጆሮዋን በትንሽ ጣቷ አከክ አከክ አድርጋ፣
«ሳሽ ጥቂት ዝቅ ብሏል» አለች። «ነገ እንደግመዋለን።»
ባልዲዬን አነሣሁ። ውኃው ቀዝቅዟል።
ሁለት ፎቅ ይቀረኛል፣
ወደ ታች።