ሃያ አምስት ዋት

ነሐሴ ነው። ሻርጃ። የኾሩ ውሃ እንኳ ላብ ላብ ይሸታል፤
ከሱቁ ጓዳ ብየዳዬ ይጨሳል፣ ማራገቢያው ያቃስታል።
ናኾዳ ዳድራህማን፣ ሬዲዮውን ታቅፎ እንደ ታመመ ልጅ፣
ገባ እየተቆጣ፣ ጨው በሰነጠቀው እጅ።

«ይህ ነገር ፈሪ ነው! ወደብ ሳለሁ ይጮኻል፣
ባሕር ስገባ ግን ይንሾካሸካል።
ልጓሙን ፍቺለት! ሃያ አምስት ዋት ገዝቼ
በአንድ ዋት ልሙት ወይ፣ ማዕበል ውስጥ ገብቼ?»

ክዳኑን ፈታሁት።
ጥፍር የምታህል ቺፕ ከመሀል ተቀምጣ፣
ዜሮና አንድ ቆጥራ ኃይልን የምትሰጥ፣ ኃይልን የምትቀጣ፤
ስድስት ቢት፣ ስድሳ አራት እርከን፣
ለጩኸት የተሠራች የወርቅ ሚዛን።
ለካኋት። ጤነኛ። ማጉያውም ጤነኛ።
ታዲያ ማን ነው አመመኛ?

ገመዱን ተከትዬ ከጀልባው ምሰሶ ደረስኩ፤
አረንጓዴ ዝገት፣ ጨው የበላው መዳብ፣ በጥፍሬ ፋቅኩ።
የተላከው ሞገድ መውጫ በር ሲያጣ
ወደ ላኪው ዞሮ እሳት ሆኖ መጣ፤
ቺፗም ይህን አይታ፣ አንድ እርከን፣ ሁለት፣ ዐሥር፣
ድምፁን አወረደች፤ ዛሬ እንዳይነድ፣ ነገ እንዲናገር።

ፈሪ አይደለም አልኩት። ከዚህ በላይ ማን ያስረዳው?
እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ አል ናህዳ፣ ፎቁ ዘጠነኛው፣
ሰባት ዓመት ሙሉ በአንድ ዋት ተናገርኩ፤
«ሐዲር፣ ማዳም» ብዬ ሌላውን ቀነስኩ።
ጦይባ ግን ጮኸች፣ ሙሉ ኃይል፣ ያለ ልጓም፤
ግድግዳው መለሰው።
ዛሬ ጦይባ የለችም።

መዳቡን አጸዳሁ፣ አዲስ ማያያዣ በየድኩ፣ በላስቲክ ጠቀለልኩ፤
ልጓሙን ግን ተውኩ።
ተመላሹን የሚለካው ቀስት ተኛ።
ቺፗ አመነች መሰል፣ እርከን በእርከን ወጣች፤ አምስት፣ ዐሥራ ሁለት፣
ሃያ አምስት።

ናኾዳው ሳቀ። ማይኩን ሰጥቶ፣ «ሞክሪው፣ የእጅሽ ሥራ ነው» አለኝ።
ጫንኩት። ቃል ጠፋኝ።
«ጦይባ» አልኩ። «ጦይባ፣ ጦይባ።» ሦስት ጊዜ፣ እንደ መርከብ ስም፣ በደንቡ፤
ሞገድ በሞገድ ላይ ይዞት ሄደ፣ ከኾሩ አልፎ፣ ከወደቡ።
ጣቴን አነሳሁ። ሽሽታ ብቻ። ከዚያ ከሩቅ፣ አንድ የማላውቀው፣
«ጦይባ፣ ሰምቼሻለሁ» አለ። «የት ነው ያለሽው?»