ኮምፔርሳቶ

ሻሜና አከራዬ፣ ብር ያጠረው ጊዜ፣
አንዷን ክፍል ቤቴን፣ ከፈላት ከነጓዜ።
ኮምፔርሳቶው ቆመ፣ ጣሪያውን ሳይነካ፤
አንድ አምፖል ይበቃል፣ ለሁለት ሰው ለካ።
ወዲያ ማዶ ሎሚቴ፣ ልብስ ትሰፋለች በፓርኩ፤
ሳሏንም እርምጃዋንም፣ አውቃለሁ በልኩ።
ፊቷን ያየሁት ሁለቴ ነው፤ ቧንቧው ጋ፣ ወረፋ ላይ።

ላፕቶፑ ያገለገለ፣ ከመናኸሪያ ጀርባ፣
ከባንቲዳ ሱቅ ነው፣ በዕዳ የገባ።
ሲከፍቱት ያቃስታል፣ እንደ ሽማግሌ፤
ሻይ አፍልቼ ጠጥቼ፣ እሱ ገና ነው ሁሌ።
ጥለህ ሌላ ጫን አሉኝ፤ በሆዱ ግን ይዟል ብዙ፣
የአሞራ ገደል ማኅበር፣ ሒሳብ ከነመዘዙ፤
የስንት ጀልባ ቀረሶ፣ የስንት መረብ ዕዳ፣
ከአሮጌው ፕሮግራም ውጪ፣ አይነበብም ለባዳ።

እኔም እንደ ሻሜና፣ ዲስኩን ከፈልኩት ለሁለት፤
ሰፊውን ለአሮጌው ትቼ፣ አዲሱን ጥግ አስጠጋሁት።
አሁን ማሽኑ ሲነሳ፣ ይጠይቀኛል "የቱ ጋ?"
አስር ሰከንድ ካመነታሁ፣ ይሄዳል ለአሮጌው አልጋ።

ሌሊት ነው። የሐይቁ ነፋስ ቆርቆሮውን ይገፋል።
ተርሚናሉን ከፈትኩ።
ጥቁር።
ሥዕል የለ፣ አዝራር የለ፤ እንግዳ ምኑን ይይዛል?
አንዲት ጭረት ብቻ፣ ብልጭ ድርግም ትላለች፤
"እሺ?" ብላ ዝም እንዳለች የቀበሌ ጸሐፊ፣ ቃሌን ትጠብቃለች።

የይለፍ ቃል ጻፍኩ፤ አንዲት ነጥብ አልታየችም።
ቁልፉ የሞተ መስሎኝ፣ ደግሜ ደግሜ መታሁ፤
ለካ እየሰማኝ ኖሯል፤ በዝምታው ተረታሁ።
"አልተፈቀደልህም" አለኝ ደግሞ፣ በገዛ ቤቴ ጣሪያ፤
በገዛ ዕቃዬ ፊት፣ ተጠየቅሁ መታወቂያ!
አዳማ ለቃልአብ ደወልኩ፣ እንቅልፍ እንደያዘው፤
"በአለቃ ስም ጀምር" አለኝ፣ "ከዚያ የፈለግከውን እዘዘው።"

በአለቃ ስም አዘዝኩ። መስመሮች እንደ ዶፍ ወረዱ፤
ሳላነባቸው መጡ፣ ሳላነባቸው ነጎዱ።
ከዚያ ዝም።
"ተበላሸ መሰለኝ" ስል፣ ቃልአብ ሳቀ፦ "ልክ ነው፤
ይሄኛው ሲሳካለት አይናገርም፤ ሲሳሳት ነው የሚጮኸው።"

ስሜን ልጻፍበት ብዬ፣ በአማርኛ ሞከርኩ፤
ሦስት ባዶ ሣጥን ወጣ፤ "ይሄ እኔ ነኝ?" ብዬ ደነገጥኩ።
ፊደል ጫንኩለት። ሣጥኖቹ ተከፈቱ፣ ከራስጌ እስከ ግርጌ፤
"ዳ" ብቅ አለች፣ "ር" ተከተለች፣ ቆይታም ቢሆን "ጌ"።

ያኔ መብራት ሄደ። ጥቁር በጥቁር ላይ።
ከጣውላው ማዶ ድምፅ፦ "ጎረቤት፣ ነቅተሃል ወይ?
ሰርቪሱ ሊደርስ ነው፤ የመግቢያ ካርዴ ጠፋኝ፤
ስልኬ ቻርጅ የለው፤ በእናትህ፣ አንዴ አብራልኝ።"

የእኔም ስልክ ሞቷል፣ ከቃልአብ ጋር ሲያወራ፤
ያለኝ ጥቁር ማያ ነው፤ ጥቁር ለማን ሊያበራ?
አንድ መስመር ጻፍኩ፣ ከሁሉም ያጠረ፤
ጀርባው ነጭ ይሁን አልኩት፤ ጨለማው ተሰበረ።
አልጋዬ ላይ ቆምኩኝ፣ ላፕቶፑን ከጣውላው በላይ ከፍ አድርጌ፣
ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ፣ ዓይኔን ከክፍሏ ሸሽጌ።

መሳቢያ ተከፈተ። ጫማ ተገለበጠ።
ሳንቲም ተንከባለለ። ክንዴ ተንቀጠቀጠ።
ባትሪው አስራ አንድ፣ አስር፣ ዘጠኝ…
በሩ ተዘጋ፤ እግሯ በጠጠሩ ላይ ሮጠ።

"አገኘሽው ወይ?" አልኩ። መልስ የለም።
ከአስፋልቱ የመኪና ጡሩምባ፣ ከዚያ እሱም የለም።
ጭረቷ፣ አሁን ነጭ ላይ፣ ብልጭ… ድርግም።
ቃልአብ እንዳለው ይሆን?
ሲሳካለት አይናገርም።