የዓሣ ቤት እንግዶች

ከሌሊቱ ሰባት፣ ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣
ብሬመርሃፈን ሙቀት ነው ያለ ፀሐይ።
ቬዘር እንደ ዘይት ከብዶት ተንጋልሏል፣
የወደቡ ክሬን አንገቱን ደፍቷል።

ስልኬ ጮኸ። ዊብከ ናት። ድምፅዋ ደርቋል፤
«ቶሎ ና፤ መጭመቂያው ሁለቱም ቆመዋል።»

የብርድ ቤት ሜካኒክ ነኝ እኔ፤ ሥራዬ
ቧንቧና ጋዝ ማድመጥ፣ በገዛ ጆሮዬ።
ስለ ዘመን ብዙ የማውቀው የለኝም፣
ከሞተር ዕድሜ ውጭ ቆጥሬም አላውቅም።

በሩን ስንከፍተው፣ ግድግዳው ላይ ቁጥር፤
ከዜሮ በታች ሠላሳ የነበር
ሃያ አንድ ደርሷል፣ ሃያ ሊል ሲንደረደር።
ዊብከ መደርደሪያው መሃል ቆማለች፣
የሱፍ ኮፍያዋን በእጇ ጨምድዳለች።

ሣጥን በሣጥን ላይ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ፤
በያንዳንዱ ሣጥን ክንድ የሚያህል ዘንግ፣
ከግሪንላንድ ሆድ፣ በረጅም መሰርሰሪያ
ሦስት ሺህ ሜትር ወርደው የሳቡት በወግ፣
በላስቲክ የታሰረ፣ ቁጥር ያለበት፤
ከታች የመጣው ጥንት፣ ከላይ ያለው ትናንት።

«ይህኛው» ትላለች፣ አንዱን ዳብሳ በጣቷ፣
«ሰው ስንዴ ሳይዘራ የጣለ በረዶ።
አረፋው ውስጥ ያለው፣ ያ የታሰረው አየር፣
ምናልባት ማሞዝ ነው ያስነጠሰው ማልዶ።
ይህ ግራጫ መስመር፣ የእሳተ ገሞራ
አመድ ነው፤ ተራራው ስሙ እንኳ የጠፋ።
አንዴ ውሃ ሆኖ ወለል ላይ ካደረ፣
ማን ይነግረናል ሰማይ መች እንደከፋ?»

በቅኔ ቤት ሕግ፣ ሰሙ ቀልጦ ሲፈስ
ወርቁ ነው የሚቀር፣ ጠርቶ እንዲወረስ።
እዚህ ግን ግልብጥ ነው፤ ሰሙ ከቀለጠ
ወርቁም አብሮት ሄደ፤ አየር ነው፣ አመለጠ።

መፍቻዬን አነሳሁ፤ ቫልቩን ፈታሁት፤
ነሐሱ ተሰንጥቋል፤ በጣቴ አየሁት።
መለዋወጫው ሃምቡርግ፤ ሃምቡርግ ተኝቷል።
ሙቀቱ ግን አይተኛም፤ በበር ሥር ይገባል።

ያኔ ትዝ አለኝ ፎልከርት፣ ዓሣ ነጋዴው፤
የገና ሰሞን ማቀዝቀዣውን የጠገንኩለት፣
በዋጋ ክርክር ግማሽ ቀን የፈጀው፣
«ቋጣሪ» ብሎ ወደቡ ስም ያወጣለት።
ደወልኩ። እስከ መጨረሻው ሰማኝና፤
«ስንት ቶን ነው?»
«አሥራ አንድ።»
«ይሸታል?»
«አይሸትም።»
«የኔ ግን ይሸታል፣ ንገረው» ብሎ ሳቀና፤
«ኑ። ለዓሣ የበቃ ብርድ ለዘመን አያንስም።»

አምስት ጊዜ ጫንን፣ ጎህ እስኪቀድ ድረስ።
የፎልከርት ሰዎች፣ የሌሊት ፈረቃ፣
ጓንታቸው በቅርፊት የሚያብረቀርቀው፣
ሠላሳ ሺህ ዓመት እንደ አራስ ልጅ ታቅፈው
ከእጅ ወደ እጅ፣ ከመኪናው ወደ ሣሎኑ
ያልፋሉ። «ቀስ! አያቴ ናት!» ይላል አንዱ።
ማዶ፣ የመርከብ በዓል፣ ዳንኪራው ቀልጧል፤
ወዲህ ሰው ይሮጣል፣ «አትቅለጥ» ይለዋል።

አንዲት ሣጥን ብቻ ደፉ ላይ አመለጠች።
ማንም አልተናገረ። ዊብከ ተንበረከከች፣
ስብርባሪውን አየች፤ «ይህ ከእንግዲህ አይለካም።»
አንዱን ስባሪ አንስታ፣ ከፎልከርት ሻይ
ብርጭቆ ጨመረችው፤ «ጆሮህን አስጠጋ» አለችው።
ጠሽ። ጠሽ ጠሽ። ጠሽ።
አረፋው እየፈነዳ፣ አንድ በአንድ፣
የዚያ የድሮ ሰማይ ትንፋሽ
ወጥቶ ከሄሪንግ ሽታ ጋር ተቀላቀለ።
ሽማግሌው ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ።
ሻዩን ግን አልጠጣውም።

እኔ ደግሞ፣ ሞተር ብቻ ሳደምጥ የኖርኩ፣
ከዚያ ጠሽታ በኋላ ጥቂት ቀን
ፍሪጅ በከፈትኩ ቁጥር ቆም እላለሁ።

ቫልቩ በሦስተኛው ቀን መጣ። በረዶው ተመለሰ፣
በላስቲኩ ላይ ትንሽ ቅርፊት ተጣብቆበት።
ከሳምንት በኋላ ደረሰኝ ላከ ፎልከርት፣
በወፍራም እስክርቢቶ፣ ፊደሉ የተዛነፈ፤
የዕቃው ዓይነት፦ አየር፤ የቆየ።
ብዛት፦ አሥራ አንድ ቶን፣ አንድ ሣጥን ሲቀነስ።
ዋጋ፦ እንደ ሄሪንግ።