ሁለት ጣት

ቪጎ ወደብ ላይ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣
የመርከብ ሸራ ስሰፋ ያረጀሁበት ሰገነት ነበረኝ፤
ሞተሩ መጥቶ ሥራዬን ሲበላው
ከነመርፌው፣ ከነሰሙ ባዶውን ቀረኝ።

በጥር፣ አንድ ሰኞ፣ ሳቤላ መጣች፣ ጫማዋ ውሃ አዝሎ።
«የወደቡ ቢሮ ሥዕል አዞኛል፤ ዘጠኝ ሜትር በሦስት።
የኔ ክፍል አልጋ ከገባባት በሩ አይዘጋም።
እስከ ፋሲካ አውሰኝ፤ ኪራይ የለኝም፣
መጥረጉ ግን አይሰለቸኝም።»

ለካን። የኔ ግድግዳ ስድስት ሜትር ነው።
ሳቀች። «እንደ ምንጣፍ እጠቀልለዋለሁ፤
ግራውን ስሥል ቀኙ ይተኛል፣
ቀኙን ስሥል ግራው።»
ሙሉውን እሷም አታየው፣ እኔም፤
ከመስቀያው ቀን በፊት ማንም።

ሸራውን እኔ ገጠምኩት፤ ሦስት ቁራጭ፣ በሰም የታሸ ክር፣
የማዕበል ጥፊ የለመደ ስፌት፤ ለሥዕል ቢበዛበትም።
ውሉን አንብባልኛለች፣ ከንፈሯን ነክሳ፦
ባሕሩ የተረጋጋ ይሁን፣
ሠራተኞቹ ደስ ያላቸው፣
የወደቡ ዓርማ ከሩቅ ይታይ።

እሷ ግን ጎህ ሳይቀድ ወርዳ
ሰርዲን የሚያራግፉትን ሴቶች ታይ ነበር፤
የጎማ ሽርጣቸውን፣ የክርናቸውን እጥፋት፣
ኦብዱሊያ ሳጥን ስታነሣ ምላሷን በጥርሷ መያዟን።
ደስታቸውን አልሣለችም፤ ክብደቱን ሣለች።
«ደስታው ሳጥኑ ሲቀመጥ ነው» አለችኝ፣
«እሱን የሚያየው ሰው ይጨርሰው።»

ማታ ማታ እወጣለሁ፣ ክር የረሳሁ መስዬ፤
ባርኔጣዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ።
አንዴ «ይቺ ጀልባ ነፋሷ ከየት ነው?» አልኳት፣
«ጭሷ ወደ ምሥራቅ፣ ባንዲራዋ ወደ ምዕራብ!»
አራት ቀን አኮረፈችኝ።
በአምስተኛው ባንዲራው ዞሮ አገኘሁት።

መጋቢት ላይ ገዢ መጣ፤
ሰገነቱን ለሆቴል፣ መስኮቴን ለእንግዳ ዓይን።
ገንዘቡ ጥሩ ነበር። እኔም ሰባ አንድ ዓመቴ፣
ጉልበቴ ደረጃውን ይረግማል።
ወጣሁና፣ ባርኔጣዬን ሳላወልቅ፣
«እስከ እሁድ ልቀቂልኝ» አልኳት።

ረቡዕ ነበር። ግራው ደርቋል፤ ቀኙ ገና ነጭ።
አልለመነችኝም። ብትለምነኝ ይሻለኝ ነበር።
ብሩሿን አጥባ፣ «የሰው ወርቅ…» አለች፣
ለኔ ይሁን ለግድግዳው እንጃ፤
«አያደምቅ»ን ለኔ ተወችልኝ።

ያን ሌሊት ሁለት ሰው የሚከብደውን ብቻዋን ጠቀለለች፤
ግራውን አስተኝታ፣ ቀኙን አቁማ፣
ኖራ የነካ ክር ወጥራ አድማሱን መታች፤
እስኪነጋ አምፖሏ አልጠፋም።

ዓርብ ገዢው ሐሳቡን ለወጠ። ጣሪያው አርጅቷል አለ።
ቁልፉን ምስማሩ ላይ መልሼ ሰቀልኩና
«እስከ ፋሲካ» አልኳት፣ እንደ ቸር ሰው።
«እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

አዳራሹ ውስጥ ተሰቀለ፤ ዘጠኙ ሜትር
ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሱ ጋር ተገናኘ።
ከንቲባው ተናገረ፣ ወይን ተቀዳ፣
ኦብዱሊያ «ሽርጤ እንዲህ ቆሻሻ ነው?» ብላ ሳቀች፣
ከራሷ ሥር ቆማ ፎቶ ተነሣች።

እኔ ግን ዕድሜዬን የሸራ ጠርዝ ሳይ ኖሬያለሁ።
አድማሱ ከግራ ይነሣል፣ ቀጥ ብሎ፣
ከጀልባዋ አፍንጫ አለፍ ሲል
ይወርዳል። ሁለት ጣት።
ከዚያ ደግሞ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ምንም እንዳልሆነ።

ባሕር አይሰበርም፤ ይህን ሕፃን ያውቃል።
እዚያ ጋ ተሰብሯል፤ ስፌቴ ላይ እንኳ አይደለም፣
ከስፌቴ አንድ ክንድ ቀድሞ፣
ረቡዕ ሌሊት ላይ።

«አቤት እርጋታው!» ይላል የወደቡ ጸሐፊ።
በሰው መሐል ፈለግኳት።
ዓምዱን ተደግፋለች፤ ሳይ ስታየኝ ኖራለች።
ቀኝ እጇን አነሣች፣ ሁለት ጣቶቿን አጋጥማ፣ አግድም፣
ልክ እንደሚለካ ሰፊ።

ባርኔጣዬን አወለቅኩ።