ዐሥራ ዘጠኝ ቀን

ረቡዕ ነው፤ ሄርማታን ዝናብ ሲወቃት፣ ከምሳ መልስ፤
መብራት ሄደ፣ መጣ፤ ደግሞ ሄደ፣ መጣ፤
በሦስተኛው ግን ዲስኩ ነፍሱን አጣ።

ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ ይላል።
ቁልፉ እንደ ጠፋበት፣ ከገዛ ደጁ ላይ እንደ ቆመ አባወራ፣
ደጋግሞ አንኳኳ፤ ከውስጥ "ማነው?" ብሎ ማንም አልተጣራ።

የቀበሌው ልደት፣ የቀበሌው ጋብቻ፣ የቀበሌው ሞት
እዚያ ውስጥ ነበረ፣ በመዳፍ ስፋት።

ሩቂያ መዝጋቢዋ፣ ምን ሆነ ሳትለኝ፣ ፊቴን ብቻ አይታ፣
ሻርፗን ጠበቅ አርጋ፣ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው፣ ቁጭ አለች በጸጥታ።
ወረፋው ግን አለ። ውኃ የሚያንጠባጥብ የጃንጥላ ሰልፍ፤
ፓስፖርት ያለው፣ ውርስ ያለው፣ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያስጽፍ።
"ሲስተም የለም" አልኩኝ።
ስንቴ ብለነዋል፣ ለሻይ ልንወጣ ስንል፣ በውሸት፤
ዛሬ እውነት ቢሆን፣ ከአፌ ሲወጣ መሰለኝ ሐሰት።

ባክአፕ? አለ እንጂ። ከመሳቢያው ሥር፣
ከደረቀ ማኅተም፣ ባለቤት ከሌላቸው ቁልፎች ጋር፣
በፌስታል ጠቅልዬ፣ ቀኑን በስክሪፕቶ ጽፌ ያኖርኩት፦
ዓርብ፣ ሰኔ ሃያ አንድ። ዛሬ ሐምሌ ዐሥር ነው። ቆጠርኩት።
ዐሥራ ዘጠኝ ቀን።
አንዱ ዓርብ ስብሰባ ነበር፤ አንዱ ዓርብ... ስንፍና።
ማንን እከሳለሁ? ከሳሹም ተከሳሹም እኔው ነኝና።

ማታ ተማም ዘበኛው በርጩማ አቀበለኝ፤
ከአንድ ግንድ የወጣ፣ ባለሦስት እግር፣ ምስማር የማያውቅ።
"ይኼኛው አይበላሽም" አለኝ፣ ሳይስቅ።

አዲሱን ዲስክ ገጥሜ፣ ከአሮጌው ቅጂ ሳወርድ፣ ሳወርድ፣
አረንጓዴው መስመር እንደ ቀንድ አውጣ ዳኸ፣ በረጠበ መንገድ።
ሰማንያ አራት ላይ ቆመ። እኔም ቆምኩ። አዌቱ ከሩቅ ያጓራል።
ከዐሥር ደቂቃ በኋላ፣ ሰማንያ አምስት። ተመስገን ይባላል።

ሲነጋ ተነሣ።
ሙሉ ነው መዝገቡ፤ ግን ሰኔ ላይ ቆሟል።
የሚስኪያ መንትዮች አልተወለዱም፤ ቦታቸው ባዶ ሆኗል።
ባለፈው ሳምንት የተፋቱት ጥንዶች፣ ዕቃ የተካፈሉት፣
ሳያውቁት ዛሬም ባልና ሚስት ናቸው፣ በመዝገብ ቤት።
አባ ጊሳ ደግሞ፣
አባ ጊሳ ልብስ ሰፊው፣ የተማሪ ቤት ቁምጣዬን ሦስቴ ያስረዘሙት፣
ሐምሌ ሁለት የቀበርናቸው፤ ትከሻዬ ያውቃል የቃሬዛውን ክብደት፤
"በሕይወት ያለ" ይላል፣ ከስማቸው ፊት።

ሩቂያ ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች፤ ባለ ካሬ፣ ልባሱ የተቀደደ፤
እጇ ማሽን አያምንም፤ የመጣ የሄደውን ጽፋለች እንደወረደ።
እሷ ታነባለች፣ እኔ እመታለሁ።
ሚስኪያ መንታ ወለደች፤ ድጋሚ።
ጥንዶቹ ተፋቱ፤ ድጋሚ።
(ይኼኛው ላይ ጣቴ ትንሽ ዘገየ፤ ሊታረቁ ቢሆንስ ብዬ።)
"አባ ጊሳ" አለች።
"እሳቸውን ቆይ" አልኳት።
አልጠየቀችኝም። የገጹን ጥግ አጠፍ አድርጋ አለፈችው።

ልጃቸው ወረፋ ላይ ነበር፣ የሞት ምስክር ወረቀት ፈልጎ።
"ሲስተም የለም" አልኩት።
ይኼ ግን ውሸት ነው። "ነገ ና" አልኩት።

ዓርብ ጠዋት ጻፍናቸው፦ ሐምሌ ሁለት፣ ማታ፣ በእርጅና።
ከዚያ ሁለት ቅጂ አወጣሁ፤
አንዱ ለመሳቢያው፣ አንዱ ለሩቂያ ቦርሳ፣ ከደብተሩ ጎን።
መዝገቡ ትክክል ነው አሁን።
እኔ ግን አውቃለሁ፤
ሐሙስ ዕለት ሙሉውን፣ ዝናቡ አባርቶ፣ ሄርማታ ላይ
አባ ጊሳ ኖረዋል።